ምድር ቤት አትግቢ

ልጅቷ መብራት ሳታበራ ወደ ምድር ቤት መውረድ ስትጀምር አላስቻለኝም። «አትግቢ የኔ እናት፣ አትግቢ» ብዬ ጮህኩባት። አልሰማችኝም። መቼም ሰምታኝ አታውቅም። እኔ አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ፣ ሊንደን ሰፈር፣ ሳሎኔ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ሶፋ ላይ ተቀምጫለሁ፤ እሷ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ናት። በዚያ ላይ ፈረንጅ ናት፣ በአማርኛ ብትመከር ምን ይገባታል? ወረደች። አለቀላት።

እንግዲህ እናንተዬ፣ ከፈረዳችሁም ሰምታችሁ ፍረዱ። እኔ የሃሎዊን አስፈሪ ፊልም እወዳለሁ። ያውም ጥሩ ጥሩውን አይደለም። ጥሩው እውነት ስለሚመስል አልችለውም። እኔ የምወደው ርካሹን ነው። ደሙ ኬቸፕ መሆኑ ከሩቅ የሚታወቀውን፣ አንሶላ የለበሰው ሙት መንፈስ ከሥር ስኒከሩ ብቅ የሚልበትን፣ መጀመሪያ ላይ የታረደው ሰውዬ ፂም ተለጥፎለት ፖሊስ ሆኖ የሚመለስበትን። ሠሪዎቹ ሌላ ሰው የሚቀጥሩበት ገንዘብ ስለሌላቸው ሙታኑን መልሰው ያሠሯቸዋል። እኔ የምሠራበት መጋዘንም ሰው ሲጎድል እንዲሁ ነው፤ ሺፍቱን ጨርሶ በድካም የሞተውን ሱፐርቫይዘሩ «ኦቨርታይም» ብሎ ያስነሳዋል።

የለመድኩት በኮቪድ ጊዜ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ሰው ታሞ ቤት ቁጭ በሉ ሲሉን፣ ልጄ ሒክማም ትምህርቷን ከመኝታ ቤት ስትማር፣ ሁለታችንም አንድ ጣሪያ ሥር ሆነን የምናወራው አጣን። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ከዚያ ሁለታችንም ወደ ስልካችን እንመለሳለን። አንድ ቀን ነፃ ከሆኑት ቻናሎች አንዱን ከፈተችና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጭንቅላቱ ዱባ የሆነ ሰውዬ ጎረቤቶቹን እያሳደደ ነበር። ፈራሁና እጇን ያዝኩ፤ አልነጠቀችኝም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያለው ወላጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ኦክቶበር ሲመጣ ቅዳሜ ረፋድ የፊልም ነው።

ነፃ ቻናል ማስታወቂያ ይበዛዋል። ገዳዩ ቢላዋውን ከፍ ሲያደርግ ፊልሙ ይቆምና የፍራሽ ማስታወቂያ ይገባል። እኔ እስትንፋሴን ይዤ፣ ፍራሽ ላይ የምትንከባለል ሴትዮ አያለሁ። ስንመለስ ገዳዩ እጁን እንዳነሳ ነው፤ ታግሦ ጠብቆናል። እንዲህ ያለ ጨዋ ገዳይ የት ይገኛል?

ሁልጊዜ የሚያናድደኝ ግን ያ የምድር ቤት ጉዳይ ነው። ፊልሞቹ ላይ የኛ ሰው ቢሠራ እኮ አምስት ደቂቃ አይፈጁም። አንዲት የደሴ ሴት ከምድር ቤት ኮሽታ ከሰማች «ቢስሚላሂ» ብላ ቁልፏን ታነሳና ጎረቤት ሄዳ ትቀመጣለች። ገዳዩ እዚያው ሲጠብቅ ይከርማል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለው ያሳደጉን ሰዎች ነን። ፈረንጇ ግን ኮሽታ ስትሰማ ደረጃው ላይ ቆማ «ሄሎ?» ትላለች። ሄሎ ማለት ምንድን ነው? ገዳይ ሄሎ ሲሉት አቤት ይላል? እንዲህ ብዬ በሒክማ ላይ ስነጫነጭ እሷ ትስቅብኛለች። «ማም፣ ኢትስ ኬቸፕ» ትለኛለች። ኬቸፕ መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ግን ወላሂ፣ የኛም ቤት ቤዝመንት አለው፣ የልብስ ማጠቢያውም ያለው እዚያው ታች ነው። ኦክቶበር በገባ ቁጥር ልብስ የሚያጥበው ሒክማ ናት። ሒክማ ከሌለች ልብሱ ይከመራል እንጂ እኔ አልወርድም።

ታዲያ ይህን ሁሉ የማደርገው ተደብቄ ነው። ምክንያቱም በዚያው ዓመት በእሑድ ቁርኣን ቤት የእናቶች ስብሰባ ላይ አፌ አላርፍ ብሎኝ ተነሥቼ፣ ሃሎዊን የሸይጧን በዓል ነው፣ ልጆቻችንን ከዚህ ጉድ እንጠብቅ ብዬ ተናግሬያለሁ። የተናገርኩት ሌሎቹ ሁሉ ሲናገሩ እኔ ዝም ብል ያስታውቅብኛል ብዬ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው። ስብሰባውን የሚመሩት እትዬ ከድጃ ናቸው። የወሎ ሰው፣ ልጃቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ዌስተርቪል ትልቅ ቤት ገዝቶ ያኖራቸው፣ ሲያስነጥሱ ሴቱ ሁሉ ቀጥ ብሎ የሚቀመጥላቸው። ንግግሬ ልባቸውን ነካውና ልጆችን ከሃሎዊን የሚጠብቅ ኮሚቴ አቋቁመው እዚያው ሊቀመንበር አደረጉኝ። አንገቴን ደፍቼ ሹመቴን ተቀበልኩ። ቤት ስገባ ሒክማ አዲስ የዱባ ፊልም አግኝታ ትጠብቀኝ ነበር።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ መጋረጃው ጥርቅም ይላል። መጮህ ሲመጣብኝም ትራስ አፌ ላይ አድርጌ እጮሃለሁ። ሊቀመንበር ነኛ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በቀጣዩ ዓመት፣ ኦክቶበር ሊያልቅ ሲል፣ ሀገር ቤት ጦርነቱ ወደ ደሴ ተጠጋና ስልክ ተቋረጠ። እናቴ ያለችው እዚያ ነው፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ እኔን በወለደችበት ቤት። ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ የምንደዋወል ሰዎች፣ አንድ ጠዋት ደወልኩና የማትታወቅ ሴትዮ የደወሉላቸው ደንበኛ ሊያገኟቸው አይችሉም አለችኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ ደገመችልኝ። ከዚያ ወዲያ እጄ ከስልኩ አልተለየም። ፌስቡክ ላይ አንዱ የሚጽፈውን ሌላው ያፈርሰዋል፣ ሁለቱንም አነባለሁ፣ ሁለቱንም አምናለሁ። ሥራ ላይ ሳጥን ስካን አድርጌ ስልክ አያለሁ። ፈርቼ ነበር፤ በጣም ፈርቼ ነበር። ለሰው ግን «ደህና ናት፣ ኔትወርክ ነው» እላለሁ። እንቅልፍ አጥቼ ስዞር ሒክማ ታየኝ ነበርና ቅዳሜ ሲደርስ መጣችና እጇን ዘረጋች። ስልኩን ፈለገች። መስመሩ እንደሆነ ተቋርጧል፣ አይደወልም፣ ስልኩ የሚያመጣልሽ ወሬ ብቻ ነው አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ፣ ግን ቀስ ብላ። ድምፁን አጥፍታ ወስዳ የሩዝ ጣሳ ውስጥ ቀበረችው። መሳቢያ ውስጥ ብትከተው እንደማወጣው ታውቃለች፤ ሩዝ ግን ያስታውቃል፣ ይንጠባጠባል።

ፊልሙ ተጀመረ። ሃሎዊን በማግሥቱ ስለነበር የዚያ ጭንቅላቱ ዱባ የሆነ ሰውዬ ፊልሞች በተከታታይ ሊታዩ ነው። መጀመሪያ ላይ ለወጉ ያህል ነበር የማየው። ልጅቷ ወደ ምድር ቤት መውረድ ስትጀምር ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ትራሱን ረሳሁት። ጮህኩ። «አትግቢ» አልኩ፣ «ወይኔ» አልኩ፣ ሌላም ሌላም አልኩ። እንባዬ መጣ። ሒክማ ደንግጣ ዞራ አየችኝ። ጩኸቱ የፊልሙ እንዳልነበረ እኔም አውቄዋለሁ፣ እሷም አውቃዋለች። ሳምንቱን ሙሉ ያፈንኩት ነው የወጣው። ከወጣልኝ በኋላ ቀለል አለኝና አፍንጫዬን ጠርጌ ማየቴን ቀጠልኩ። እስቲ ለሐኪም ቢነገር ማን ያምናል?

ግድግዳችን ግን የአሜሪካ ግድግዳ ነው፤ ካርቶን ነው። ከግድግዳው ወዲያ ጋሼ ታደሰ አሉ። ዲቪ ደርሷቸው ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው፣ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ከኔ መጋዘን አጠገብ ባለ ሌላ መጋዘን የሚሠሩ፣ በክሊቭላንድ አቬኑ አውቶቡስ የሚመላለሱ ደግ ሰው ናቸው። ከገቡ ወር አይሆናቸውም። እናቴ ደሴ መሆኗን፣ ስልኳም መቋረጡን ያውቃሉ። ጩኸቴን ሰሙ። ወጥተው ሲያዩ መጋረጃው ጥርቅም ብሏል። ስልክ ደወሉልኝ፤ ስልኬ ሩዝ ውስጥ ነው። በሀገራችን ባህል ይህ ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም የሚጠፋ አይደለም።

በሬን ለምን አላንኳኩም እንዳትሉ። ለቅሶ ቤት ብቻውን ሰተት ብሎ የሚገባ ማን አለ? በዚያ ላይ እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ የእስላም ለቅሶ ላይ እንዳላጠፋ ብለው፣ ሲገቡ እኔው ያስተዋወቅኳቸው እትዬ ከድጃ ጋ ደወሉ። እትዬ ከድጃ እኔ ጋ ደወሉ፤ ሩዝ። የሒክማ አባት ጋ ደወሉ። እሱ ትራክ ነጂ ነው፣ ያን ጊዜ ቴክሳስ መንገድ ላይ ነበር። እኔ ምንም አልሰማሁም አላቸው፤ እሱም እኔ ጋ ደወለ፤ ሩዝ። ያኔ እሱም አመነ። በኋላ እንደነገረኝ ትራኩን መንገድ ዳር አቁሞ ሲያለቅስ አንድ የመንገድ ፖሊስ ደርሶበት ምን ሆንክ ብሎ ጠየቀው፣ አማቴ አረፉብኝ አለው፣ ፖሊሱም ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቡ ቆመለት። እኔ ይህ ሁሉ ሲሆን ሁለተኛውን ፊልም ጀምሬ ቺፕስ እበላለሁ።

በሩ ተንኳኳ። ሒክማ ፊልሙን ፖዝ አድርጋ በመጋረጃው ጫፍ አየችና ብዙ አክስቶች መጥተዋል አለችኝ። ተነሥቼ እኔም አየሁ።

እናንተዬ፣ እኔ በፊልም ያላየሁት አስፈሪ ነገር የለም። ጭንቅላት ሲንከባለል አይቻለሁ፣ መቃብር ሲከፈት አይቻለሁ። ያን ጠዋት በመጋረጃው ጫፍ ያየሁትን የሚያህል ግን አላየሁም። ሦስት መኪና ቆሟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ተያይዘው ይመጣሉ። ከፊት እትዬ ከድጃ። ከኋላ ጋሼ ታደሰ ድስት አቅፈው። በጠዋት፣ ሳይደውሉ፣ በአንድነት፣ ዝም ብለው። አንድ ሀበሻ ይህን ሲያይ ሌላ ትርጉም የለውም። መርዶ ነው። እኛ ሰው ሞተ ብለን በስልክ አንናገርም፤ እንሰበሰብና እንመጣለን። ከሀገር ቤት ወሬው ደርሷቸዋል፣ ከኔ ደብቀው ተማክረዋል፣ አሁን ሊነግሩኝ መጡ። የፈሩት ይደርሳል አልኩ በልቤ፣ በሩንም እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም።

ስከፍትና ሳያቸው ጮህኩ። የኔን ጩኸት ሲሰሙ እነሱ ደግሞ ያመጣቸው ነገር እውነት መሆኑን አረጋገጡ። ሳሎኔ በአንድ ጊዜ ሞላ። እትዬ ከድጃ እቅፍ አድርገውኝ ያለቅሳሉ፣ እኔ እሳቸውን አቅፌ አለቅሳለሁ። እሳቸው «የምታለቅሰው ሰምታ ነው» ይላሉ በልባቸው፤ እኔ «የሚያለቅሱት እውነት ቢሆን ነው» እላለሁ በልቤ። ከሁሉ የባሰ ያለቀሱት ጋሼ ታደሰ ናቸው። እናቴን አይተዋት አያውቁም፤ ግን ያቺን የመሰለች ሴት፣ ያቺ ደግ፣ ያቺ እንግዳ ተቀባይ እያሉ ድስቱን እንዳቀፉ ይንሰቀሰቃሉ። በኋላ እንደሰማሁት እሳቸውን መጀመሪያ ያስደነገጣቸው ግቢው ነው። ፊት ለፊት ያለው ፈረንጅ ጎረቤታችን ለሃሎዊን ብሎ ሣሩ ላይ የፕላስቲክ መቃብርና አጽም ተክሏል። ጋሼ ታደሰ ድንጋዮቹን ቆጥረው፣ ይሄ ሁሉ ቤተሰብ በኮቪድ ነው ያለቀው ብለው፣ ሲያልፉ አማትበው፣ ነፍስ ይማር ብለው ነበር የመጡት። ስለዚህ ለቅሷቸው የኔ ብቻ አልነበረም።

እንዲህ ሆነን ቆየን። መሐል ላይ ሒክማ ከሶፋው ጥግ ተነሣች። አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች፣ ማንም የሚነግራት የለም።

«ሁ ዳይድ?» አለች። ማን ሞተ ማለቷ ነው።

ለቅሶው ትንሽ ቀዝቀዝ አለ። እትዬ ከድጃ ከትከሻዬ ቀና ብለው አዩኝ።

«መቼ ሰማሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ምኑን?» አልኩ።

«የእናትሽን ነዋ።»

«እናንተ አይደላችሁም እንዴ የምትነግሩኝ?»

እትዬ ከድጃ ጋሼ ታደሰን አዩ። ጋሼ ታደሰ ግድግዳውን አዩ። ከዚያ ነገሩ እየተጎተተ ወጣ፤ ጋሼ ታደሰ ጩኸት ሰማሁ አሉ፣ እትዬ ከድጃ ስልክ አላነሣሽም አሉ፣ እኔ መርዶ መሰለኝ አልኩ። ማንም ምንም አልሰማም። እናቴ ትናንት እንደነበረችው ናት፤ አለች ወይም የለችም፣ የሚያውቅ ሰው ሳሎኑ ውስጥ አልነበረም። ሶፋው ላይ ዘፍ አልኩ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልናደድ ግራ ገባኝ። ገና ያልሞተች እናቴን አልቅሼላት ጨረስኩ እኮ።

እትዬ ከድጃ ግን ነገር በግማሽ የሚተው ሰው አይደሉም። ታዲያ ጩኸቱ ምን ነበር አሉ። ልመልስ አፌን ስከፍት ከንፈሬ ላይ ቺፕስ ነበር። ዐይኔም ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ፤ ሁሉም ተከትሎት ዞረ። እዚያ ባለዱባ ጭንቅላቱ ሰውዬ ቢላዋውን እንዳነሣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ያን ሁሉ ጊዜ ከራሳችን በላይ ቆሞ ስናለቅስ ሲያየን ነበር። ሒክማ ዋሽታ እንደምታድነኝ ተስፋ አድርጌ አየኋት። ፊልም ነው፣ እናቴ በጣም ትወደዋለች፣ የምትጮኸው ልጅቷ ምድር ቤት ስትገባ ነው አለች፣ ያውም ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ። አንድ ቃል አልሳተችም። ስንት ዓመት አማርኛ ተናገሪ ስላት የኖርኩት ለዚህ ነበር።

ምድር ብትከፈት እገባ ነበር፤ ከሥር ቤዝመንቱ ባይኖር። እትዬ ከድጃ ረጅም ጊዜ ቴሌቪዥኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሊቀመንበርነቴን ያዩ መሰለኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። ለለቅሶ ቤት የመጣ ምግብ ተመልሶ አይሄድም፣ ሳህን አምጡ አሉ። እሳቸው ያመጡት ሩዝና ሥጋ ወጣ። የጋሼ ታደሰ ድስት ሲከፈት ንፍሮ ነው፤ ማፍላት ስላልደረሰላቸው የቆርቆሮ ሽምብራ ገልብጠው አሙቀውት ነው የመጡት። ሰው እየሳቀም እየተናፈጠም በላ። በመሐል እትዬ ከድጃ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ለመሆኑ ልጅቷ ተረፈች ወይ አሉ። የቷ ልጅ አልኩ። ያቺ ምድር ቤት የገባችው አሉኝ።

ሒክማ ፊልሙን ከመጀመሪያው ጀመረችላቸው።

በጩኸት ከሁሉ የባሱት እትዬ ከድጃ ሆኑ። «ቁልፉን ያዥና ውጪ» ይላሉ፣ «ሄሎ ትላለች እንዴ፣ ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው» ይላሉ። ጋሼ ታደሰ ደግሞ የሞተው ሰውዬ ፖሊስ ሆኖ ሲመለስ ለይተውት፣ ይሄ ሰውዬ ቅድም ቀብረነው አልነበረም ወይ ብለው ተከራከሩ። ሲሄዱ እትዬ ከድጃ በሩ ላይ ቆመው እጄን ያዙኝ። ለለቅሶ የተቀመጠ ሰው ባዶ አይነሣም፤ ወሬዋ እስኪመጣ በየቅዳሜው እየመጣን አብረንሽ እንቀመጣለን አሉኝ። ኮሚቴውንስ ብላቸው፣ ኮሚቴው የልጆች ነው እኛ ልጆች አይደለንም አሉ።

መጡም። ቅዳሜ ረፋድ ሲሆን የእትዬ ከድጃ መኪና ደጃፌ ትቆማለች፣ ጋሼ ታደሰ ከግድግዳው ወዲያ ድስታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሃሎዊን አለፈ፣ ፊልሙ ግን አላለፈም። ስልኩ የሚቀበረው እዚያው ሩዝ ውስጥ ነው፤ ሆኖም ድምፁን እንዳታጠፋ እትዬ ከድጃ ሒክማን አዘዋት። ሌላውን ቀን እንዴት እንደማልፈው እኔና አላህ እናውቃለን። ቅዳሜ ግን ፍርሃቱን ተካፍለን ስለምንፈራው ይቀልለኝ ነበር። አንድም ቀን ግን «ደህና ናት» አላሉኝም፤ የማያውቁትን አላወሩም። አይዞሽ ብቻ ነበር የሚሉኝ።

ዲሴምበር መጣ። በረዶ ጣለ። ፈረንጁ ጎረቤታችን መቃብሮቹን ማንሣት ሰንፎ ላያቸው ላይ የገና መብራት ጠቀለለባቸው። አንድ ቅዳሜ እንደተለመደው ተቀምጠናል፣ ፊልሙ ደግሞ ስልክ የሚደውል ገዳይ ያለበት ነው። ልጅቷ ብቻዋን ቤት ውስጥ ናት፣ ስልኩ ይጮኻል፣ እጇን ትሰዳለች። እኛ አንድ ላይ እየጮህን ነው። «አታንሺው!» ይላሉ እትዬ ከድጃ። ማስታወቂያ ገባ፣ ባለፍራሿ ሴትዮ መጣች፣ ስልኩ ግን መጮሁን አላቆመም። ጋሼ ታደሰ፣ ፍራሹ ውስጥ ነው እንዴ አሉ።

«ማም» አለች ሒክማ፣ «ሩዙ።»

ወደ ወጥ ቤት የሮጥኩት እኔ ነኝ፣ ጣሳውን የገለበጠችው ሒክማ ናት። ሩዙ ወለሉን አለበሰው። የማላውቀው ቁጥር ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሄሎ ባዮችን ስሰድብ የኖርኩት ሴትዮ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግኩትና፣ «ሄሎ?» አልኩ።

«ምነው ድምፅሽ? አሞሻል እንዴ?» አለችኝ እናቴ።

ከዚያ የሆነውን መናገር አልችልም። ወለሉ ላይ ሩዙ ውስጥ ተቀምጫለሁ፣ ሁሉም በሩ ላይ ተደራርበው ቆመዋል። ድምፁን ከፍ አደረግኩት፣ ሁሉም ይስሙ። መስመሩ ገና መመለሱ ነው፣ የጎረቤት ስልክ ነው፣ ቤቱ ደህና ነው፣ እሷም ደህና ናት። ትንሽ ከስታለች። የት ነበርሽ አልኳት፣ ያን ሁሉ ቀን የት ነበርሽ።

«ምድር ቤት ነበርን» አለች። «ተኩሱ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እዚህ ፎቅ ሥር ገባን። ጨለማ ነው፣ መብራት የለም። እንዲያው ተያይዘን ቁጭ ነው።»

ጋሼ ታደሰ በመዳፋቸው ዐይናቸውን ሸፈኑ። አትግቢ፣ አትግቢ እያልኩ የጮህኩት ጩኸት ሁሉ ጆሮዬ ላይ መጣ። ደግነቱ አልሰማችኝም፤ ገባች፣ ተረፈችም።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እትዬ ከድጃ ቀስ ብለው። «ምድር ቤት የገባ ሁሉ አይሞትም።»

ሲረጋጋልኝ ሳቄ መጣና አልቅሰንልሽ እኮ ነበር አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ነግሬያት ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማን ማን መጣ?»

አንድ በአንድ ቆጠርኩላት። እትዬ ከድጃ ሩዝና ሥጋ ይዘው መጡ ስላት ደስ አላት። የጋሼ ታደሰ ንፍሮ ከቆርቆሮ መሆኑን ስትሰማ ትንሽ ቅር አላት፤ ለኔ ለቅሶ ቆርቆሮ ይከፈታል እንዴ አለች። ጋሼ ታደሰ በሩ ላይ ሆነው አፈሩ። የቴክሳሱን ፖሊስ፣ ባርኔጣውን ማውለቁን ስነግራት ግን ድምፅዋ ተለወጠ። አጠገቧ ላሉት ሰዎች ዞራ ስታወራ ይሰማኛል፤ አሜሪካ የመንግሥት ሰው ሳይቀር ቆሞ አለቀሰልኝ ትላለች። ሚስቶቻቸውን ልከው እነሱ ያልመጡትን ስም ዝርዝር ደግሞ ሌላ ቀን ስደውል ትነግሪኛለሽ ብላኝ ሂሳብ ሳያልቅባት ዘጋች።

ፊልሙ ሳሎን ውስጥ ለብቻው እየሄደ ነው። ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። ልጅቷ የምድር ቤቱን በር ከፍታ ደረጃው አናት ላይ ቆማለች። ሁሉም እኔን አዩኝ፤ እኔ ደግሞ እነሱን አየሁ። ማንም አልጮኸም። ጋሼ ታደሰ ናቸው መጨረሻ ላይ፣ «ግቢ፣ አይዞሽ» ያሏት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሒክማ የልብሱን ቅርጫት አንሥታ ወደ ቤዝመንቱ ልትወርድ ስትል ቅርጫቱን ከእጇ ተቀበልኳት። ተገርማ ቆመች። በሩን ከፈትኩ። ታች ጨለማ ነው፣ ከማሽኑ በኩልም የሆነ ነገር ኮሽ አለ። መብራቱን አበራሁ።

«ሄሎ?» አልኩ።

አቤት ያለኝ የለም። ወረድኩ፣ ልብሱን ማሽኑ ውስጥ ከተትኩና እስኪያልቅ እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ።